በጥንቱ የወይን አገር በብስክሌት ሲጓዙ ብርሌው ይቆይዎት

ጥቅምት ሲገባ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ለብስክሌት የተዘረጋ ይመስላል። ዝናቡ አባርቷል፣ አቧራው ገና አልተነሳም፣ የፎገራ ሜዳም እንደለመለመ ነው። ለባሕር ዳር ሰው ብስክሌት ብርቅ አይደለም። ባጃጅ ከተማዋን ሳያጥለቀልቃት በፊት መምህሩም፣ ነርሷም፣ ተማሪውም ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው በብስክሌት ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይም ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የራሱ መስመር አለው። አስጎብኚ ቀጥረው፣ አምስት ስድስት ሆነው ጣናን በግራቸው ይዘው እስከ ጎንደር የሚነዱ ሰዎች የሚነሱት ከዚሁ ነው።

እርስዎም እንዲህ ያለ ጉዞ አስበው ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ጉዞውን ልከለክልዎ አይደለም። ላወራዎ የፈለግሁት በመንገዱ ላይ ስለሚቀርብልዎ መጠጥ ነው።

መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐሙሲትን፣ ወረታን፣ ከጋዜጣው ጋር ስም የምትጋራውን አዲስ ዘመንን፣ እንፍራንዝን፣ ማክሰኝትን እያለፉ አዘዞ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ዳገቱን ወጥተው ጎንደር ይገባሉ። ሐሙሲትና ማክሰኝት ስማቸው ራሱ የሳምንቱን ቀን ያስታውሳል። ማክሰኝት ላይ ሲደርሱ ለጎንደር የሚቀርዎት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ተጓዦች ምሳቸውን የሚበሉት እዚያ ስለሆነ ስሟን ያዙልኝ።

አካባቢው የወይን አገር መባሉ ለማስጎብኘት የተፈጠረ ወሬ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በጎንደር ዘመን አገራችንን አይቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከጣና በስተ ምሥራቅ በቃሮዳ አካባቢ ወይን እንደሚጠመቅ ጽፏል። በእንፍራንዝ አቅራቢያ ከኮረብታው ላይ ጣናን ቁልቁል የሚያየው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ደግሞ በአፄ ሠርፀ ድንግል እንደተሠራ ይነገራል። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ነገሥታቱ ወደዚህ ዳርቻ መጥተው መቀመጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ውሃው፣ መሬቱና አየሩ የሚጋብዝ ነው። ዛሬ ግን ከመንገዱ ዳር የሚያዩት ሩዝ፣ ሽንኩርት፣ ጤፍና ሽምብራ ነው። ከመደብር የሚገዙት የአገር ውስጥ ወይን በአብዛኛው ከስምጥ ሸለቆ፣ ከባቱ በኩል የሚመጣ ነው። አስጎብኚው የጥንቱን ወይን ሲተርክልዎ ታዲያ በእጅዎ የሚገባው ብዙውን ጊዜ ጠጅ ይሆናል። ቋንቋችንም ቢሆን ሁለቱን አላራራቃቸውም፤ ወይኑን የምንጠራው «ወይን ጠጅ» ብለን ነው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር በዚሁ መንገድ ነድተናል። ሁለተኛው ቀን ማክሰኞ ነበርና ማክሰኝት ስንደርስ ገበያው ደምቆ ጠበቀን። ለምሳ ቆምን። ከመካከላችን አንዱ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያለ የስኳር ሕመምተኛ፣ ሙቀቱ ምግብ አስጠልቶት ሁለት ሦስት ጉርሻ ብቻ ጎርሶ ሁለት ብርሌ ጠጅ ጠጣ። ኢንሱሊን እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን። ማናችንም ግን አንድ ቃል አልተነፈስንም። ከሰዓት በኋላ አርባውን ኪሎ ሜትር ነዳ፤ እንዲያውም ዳገቱ ላይ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። ማታ ጎንደር ላይ «የወይን አገር መጥተንማ» ተብሎ ወይን ተከፈተ፤ እሱም ሁለት ብርጭቆ ጠጣ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ አፉ ተሳሰረ፣ ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ የማይገናኝ ነገር ማውራት ጀመረ። «ሰክሯል፣ ተዉት ይተኛ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ዓምድ የማዘጋጀው ሰው።

ያዳነው አስጎብኚያችን ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከባሕር ዳር ሳንነሳ እያንዳንዳችንን «የምትወስዱት መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠይቆ በማስታወሻው ጽፎ ነበር። ማስታወሻውን ገልጦ አየና የታማሚውን የራሱን መለኪያ ከቦርሳው አውጥቶ ጣቱን ወጋው። 41 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር። ከ70 በታች ዝቅተኛ፣ ከ54 በታች ደግሞ አደገኛ ነው። ገና መዋጥ ይችል ስለነበር ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣነው፤ ሩብ ሰዓት ቆይተን ደገምንለት፤ ከዚያም ሐኪም ቤት ወሰድነው። እኔ እንዳልኩት ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ላንቀሰቅሰው እንችል ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተገላገልኩትም።

የሆነው ይህ ነው። ፔዳል ሲመቱ የሚውሉ ጡንቻዎች ስኳር ይበላሉ። ብስክሌቱ ከቆመ በኋላም ያለቀባቸውን ስንቅ ለመሙላት ለብዙ ሰዓታት፣ እስከ ማግስቱ ድረስ፣ ከደም ውስጥ ስኳር መውሰዳቸውን አያቆሙም። በዚህ ጊዜ የደም ስኳር ወርዶ እንዳይቀር የሚጠብቀው ጉበት ነው፤ ያጠራቀመውን ይለቅቃል፣ ሲያልቅበትም አዲስ ይሠራል። አልኮል ሲመጣ ግን ጉበት መርዙን ማስወገድ ያስቀድምና አዲስ ስኳር መሥራቱን ይቀንሳል። በላዩ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን፣ በዚያም ላይ ባዶ ሆድ ሲጨመርበት የደም ስኳሩን ደግፎ የሚያቆም ነገር አይኖርም። አደጋው ደግሞ በጠጡበት ሰዓት ላይመጣ ይችላል፤ እኩለ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ይመጣል። ከሁሉ የሚያስፈራው መልኩ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መንተባተብ፣ መንገዳገድ፣ ቁጣ፦ ሁሉም ስካር ይመስላል፣ አፉም መጠጥ ይሸታል። ስለዚህ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሰከረ ሲመስልዎ መጀመሪያ ስኳሩን ይለኩ። መለኪያ ከሌለና መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጡት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙለት፤ ሲነቃ ምግብ ያስበሉት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይጨምሩ፤ በጎኑ አስተኝተው በቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ይደውሉ ወይም በተገኘው መኪና ወደ ሐኪም ቤት ያድርሱት።

«እኔ ስኳር የለብኝም» የሚሉኝ አንባቢ ይኖራሉ። ለእርስዎም ሒሳቡን ልሥራልዎ። 12 በመቶ አልኮል ያለው 750 ሚሊ ሊትር የወይን ጠርሙስ ውስጥ 71 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል አለ። 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ብርጭቆ 14 ግራም ይደርሰዋል ማለት ነው። የአዋቂ ሰው ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ነው። ምሳ ላይ ሁለት ብርጭቆ ጠጥተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮርቻ ላይ ከወጡ ከጠጡት የሚበዛው ገና በደምዎ ውስጥ ነው። ጠጁ ደግሞ ከዚህም ይከፋል፤ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፣ ብርሌው ላይም የተጻፈ ቁጥር የለም። ቡና ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ያነቃዎት ይመስልዎታል እንጂ የጉበትን ሥራ አያፋጥንም። በማክሰኝትና በጎንደር መካከል ሚኒባስና አይሱዙ ክንድዎን ታክኮ ያልፋል፤ ሚዛን ለመጠበቅና ፍሬን በጊዜው ለመያዝ የሚያስፈልግዎትን ቅጽበት የሚወስድብዎት ያ የምሳው ብርጭቆ ነው።

«ቀይ ወይን ለልብ ይበጃል» የሚለውን ወሬም ሳንነካው አንለፍ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥር 2023 ባወጣው መግለጫ ለጤና ስጋት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ገልጿል። አልኮል ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ የተመደበ ነው። ወይን፣ ቢራ፣ ጠጅ ቢባልም ለሰውነት ያው ነው። ስለዚህ የማይጠጡ ከሆነ ለልብዎ ብለው አይጀምሩ። ለልብ የሚበጀው ብስክሌቱ ነው።

የሚጠጡ ከሆነ ደግሞ የምመክርዎ አንድ ነገር ነው፤ ብስክሌቱ ለዕለቱ ተቆልፎ፣ ውሃ ጠጥተው፣ ራት በልተው ሳይጨርሱ አይንኩት። ነፍሰ ጡር ለሆነች፣ የጉበት ሕመም ላለበት፣ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለሚወስድ ግን ያኔም ቢሆን አይሆንም። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ቀኑን ሙሉ ነድቶ በዋለበት ማታ አለመጠጣቱ ይሻለዋል። መንገደኛ የሚዘነጋው አንድ ሌላ ነገር አለ። በጉዞ ላይ ሆድዎን አሞዎት ሜትሮኒዳዞል ከታዘዘልዎ (ብዙዎቻችን ፍላጅል የምንለው ነው) መድኃኒቱን ጨርሰው ቢያንስ ሁለት ቀን እስኪያልፍ አልኮል እንዳይቀምሱ፤ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና የልብ ምት መፍጠን ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሞች ይከለክላሉ።

ምክሩ ቀላል ነው፤ መከራው ከጋባዡ ፊት ነው። በፈረንሳይ ወይም በደቡብ አፍሪካ የወይን እርሻዎች በብስክሌት የሚዞሩ ጎብኚዎች ወይኑን አፋቸው ውስጥ አንገላተው በተዘጋጀ ዕቃ ቢተፉት የሚቀየማቸው የለም። እኛ ዘንድ ግን ሰው ያቀረበውን መትፋት ቀርቶ አልፈልግም ማለት እንኳ ያስቀይማል። «በሞቴ» ከተባሉ በኋላ እንዴት እምቢ ይባላል? የእኔ ልምድ ይህ ነው። ከመቀዳቱ በፊት ይናገሩ፤ ከተቀዳ በኋላ ከባድ ነው። «እናቴ፣ መድኃኒት ይዣለሁ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ሲሉ ደግመው የሚያስገድዱ እናት ብዙም አልገጠሙኝም። ያልፈላ ብርዝ ካለ ይጠይቁ፤ ከማር ቤት ሳይርቁ ከስካሩ ይርቃሉ። የስኳር ሕመምተኛ ግን ብርዝ ማር መሆኑን አይርሳ። ቤተ ክርስቲያናችን እንኳ ለቅዳሴ የምትጠቀመው ዘቢብ በውሃ ዘፍዝፋ፣ ሳይፈላ ጨምቃ ነው፤ የወይንን ክብር ለመጠበቅ መስከር ግድ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አላውቅም። ጥሩ አስጎብኚ ደግሞ ይህን ሁሉ ከእርስዎ ጫንቃ ያወርዳል። ቀደም ብሎ ደውሎ ለባለቤቷ «እንግዶቹ ገና ይነዳሉ» ይላታል፤ ብርሌው ሳይመጣ ይቀራል።

ጓደኛዬ በዓመቱ ተመልሶ ነድቷል። ከመነሳቱ በፊት ሐኪሙን አማክሮ የጉዞ ቀኖቹ የኢንሱሊን መጠን ተስተካከለለት። መጠኑን በራሱ አልቀነሰም፤ እርስዎም እንዳይቀንሱ። መርፌውን ጭኑ ላይ ሳይሆን ሆዱ ላይ ተወጋ፤ የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊኑን አፍጥኖ ወደ ደም ያስገባዋልና። ጠዋት ከ90 በታች ሲያነብ ሳይበላ አልተነሳም። በየአንድ ሰዓቱ ቆሞ ለካ፤ ከረሜላና ዳቦ ከኪሱ፣ ኢንሱሊኑን ደግሞ ፀሐይ ከማያገኘው የቦርሳው ሆድ አልለየም። ማክሰኝት ላይ እኛ ሳንጠይቀው «ውሃ» አለ።

ስለ ዝግጅት ባጭሩ ልናገር። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢነዱ እስከ ጎንደር 12 ሰዓት፣ ማለትም 720 ደቂቃ ኮርቻ ላይ ይሆናሉ። የአምስት ሳምንት ድርሻ የሚጠጋውን በሦስት ቀን መብላት ነው። ዓመቱን ቢሮ ተቀምጠው ከከረሙ ሁለት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ፤ እየነዱ ማውራት እስከቻሉ ድረስ ልክዎ ላይ ነዎት። ግፊትዎ 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ደረትዎን ከጨነቅዎ ወይም ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ካጠረዎ ሐኪም ሳያይዎ አይነሱ። ለግፊት ሽንት የሚያበዛ ኪኒን፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ ሰዎች በፀሐይ ቶሎ ስለሚደርቁ ይህንኑ ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበት። የኮርቻው ከፍታም ቀላል ነገር አይምሰልዎ። ተረከዝዎ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ ጉልበትዎ ቀጥ ማለት አለበት፤ ያጠረ ኮርቻ በሁለተኛው ቀን ጉልበት ያስለቅሳል። የራስ ቁሩንም ለፎቶ ብቻ አያድርጉት።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ተነስተው እስከ አምስት ሰዓት ዋናውን መንገድ ይጨርሱ። በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ሊትር ውሃ ለብዙ ሰው ይበቃዋል፤ ብዙ ላብ ካለብዎ አንዱን ከረጢት ለምለም በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጠው ይያዙ። ጨው ሳይተኩ ባዶ ውሃ ያለ ልክ መጋትም ያሳምማል። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ እነዚያን ቀናት ለዕረፍትና ለጉብኝት ቢያውሉ ይሻላል፤ አስጎብኚውም መርሐ ግብሩን ሲያወጣ ይህን መጠየቅ አለበት። ከተጓዦቹ አንዱ በሙቀት ተዘበራርቆ ወይም ወድቆ ካገኙት ጥላ ሥር አስገብተው ልብሱን ያላሉ፣ ውሃ እያፈሰሱ ያራግቡት፣ ወደ ሐኪም ቤት ያፋጥኑት።

መንገዱ የጉማራንና የርብን ወንዞች ያቋርጣል። ላብ ላይ ሆነው ሲያዩዋቸው ይጣራሉ፤ ግን አይግቡባቸው፤ በጣናም ዳርቻ አይዋኙ። በአካባቢው ቢልሃርዚያ አለ። ውሻ ሲያባርርዎ ፔዳል አይጨምሩ፤ ወርደው ብስክሌቱን በመካከላችሁ ያድርጉት። ከነከስዎ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የውሻውን መጨረሻ አይጠብቁ።

ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው አስተዳደር ይጠይቁ፣ ከመሸም አይንዱ። ማደሪያዎ ላይ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይኑር። ወቅቱ የወባ ነው፤ በሊቦ ከምከም ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 የካላዛር ወረርሽኝ ታይቷል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትናከሰው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ትወዳለችና ሜዳ ላይ አይደሩ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ከያዘዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ደምዎን ያስመርምሩ። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሱ፣ ከግራ ጎንዎ በኩል ሆድዎ ካበጠ ለሐኪሙ የት የት እንዳደሩ በስም ይንገሩት፤ ወራት አልፈውም ቢሆን።